መቻል ምን ነካው?

ውሻም እንደ ሰው ያረጃል። በአገራችን ግን ብዙው ውሻ ለእርጅና አይበቃም፤ መኪና ይገጨዋል፣ ጅብ ይነጥቀዋል፣ ወይም ባለቤት ለሌላቸው ውሾች የተጣለ መርዝ እሱም ይቀምሳል። ስለዚህ ያረጀ ውሻ ምን እንደሚመስል ያየን ጥቂቶች ነን። ሰው ደግሞ አይቶት የማያውቀውን ነገር በሚያውቀው ስም ይጠራዋል። የአክስቴ ውሻ መቻል ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ ሦስት ስም ወጥቶለት ነበር፦ አብዷል፤ ያሟርታል፤ መንፈስ ገብቶበታል። ሦስተኛውን ስም ያወጡለት የእኛው የወጣት ኅብረት ልጆች ስለሆኑ ነው ይህን የምጽፍላችሁ።

መቻል በ2004 ዓ.ም.፣ አክስቴ ባሏን ባጣች በዓመቱ፣ በካርቶን ተደርጎ የመጣ ተራ የሐበሻ ውሻ ነው። 13 ዓመት በር ሲጠብቅ ማንንም ነክሶ አያውቅም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢውን ከሩቅ ይለየዋል። የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ አብሮ ያላዝናል። ረቡዕ ማታ ለጸሎት የሚመጡትን ሰዎች አንድ በአንድ ያሸትታል፣ ጅራቱን ይቆላል፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ተኝቶ እስኪጨርሱ ይጠብቃቸዋል። አክስቴ «ከእኔ ይልቅ እሱ ነው የጸሎት ቡድኑ አባል» እያለች ትስቅ ነበር።

ኅዳር ላይ ተለወጠ። በሩ ሲንኳኳ በሚከፈትበት በኩል መቆሙን ትቶ በማጠፊያው በኩል ይቆምና ግንቡን ያያል። ከውኃ በርሜሉና ከግድግዳው መካከል ይገባና ወደ ኋላ መመለስ ያቅተዋል፤ እዚያው ቆሞ ያለቅሳል። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ከግቢው ጥግ ወደ ጥግ ሲመላለስ ያድራል። ምንም ወደሌለበት ግድግዳ ይጮኻል። አንድ ረቡዕ ማታ፣ ጸሎት ሊጀመር ሲል፣ ዓመታት በሚያውቃቸው ሰዎች ላይ ጮኸ። ጮኾም አልቀረ፤ ጥግ ይዞ ተንቀጠቀጠ፣ ሽንቱንም ለቀቀው። በሚቀጥለው ረቡዕም እንዲሁ ሆነ። በዚያው ሰሞን የተከራዮቹ የአራት ዓመት ልጅ እንደ ልማዷ ከኋላው መጥታ ስታቅፈው ዞሮ አጉረመረመባት፤ ጥርሱን አሳያት።

አልነከሳትም። አባቷ ግን «ወይ ውሻው ይውጣ፣ ወይ እኛ እንወጣለን» አለ። አክስቴ የምትተዳደረው በሁለት ክፍል ኪራይ ነው። አንድ ጎረቤትም በሥጋ መርዝ አድርጎ «ሊገላግላት» እንደሚችል ነገራት፤ ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ከልቡ ሊረዳት ነው። ቀን ተቆረጠለት ማለት ይቻላል።

«አብዷል» ያሉትን አልነቅፋቸውም። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ዛሬም ሰው ይገድላል፤ ምልክቱ አንዴ በሰው ላይ ከታየ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ ውሻ ስታዩ፣ የምትወዱትም ቢሆን፣ ከሰው ለይታችሁ አስሩት፤ አፉን አትንኩ። የነከሰው ወይም ምራቁ ቁስሉን የነካው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሚፈስ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠብ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ነገ እንጸልይና እናያለን የሚባልበት ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ የድሮ ሰዎች ውሻ የነከሰውን ሰው «ፓስተር ውሰዱት» ይላሉ። ፓስተር የሚሉት የዛሬውን የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው፤ ስሙ የቀረለት እ.ኤ.አ. በ1885 የእብድ ውሻ ክትባትን ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ልጅ ከሰጠው ከፈረንሳዊው ሳይንቲስት ከሉዊ ፓስተር ነው። ከልጆቻችን አንዱ ይህን አላወቀም ነበርና አንዲት ጎረቤት «ፓስተር ይጠየቅ» ስትል ሰምቶ መጋቢያችን ጋ ደወለ። መጋቢያችንም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰምተው «የተፈለገው ሌላኛው ፓስተር ነው» ብለው ሳቁ።

መቻል ግን የክትባት ካርድ አለው፤ አክስቴ በየዓመቱ ታስከትበዋለች። ይበላል፣ ውኃም ያለችግር ይጠጣል። ከሁሉ በላይ ቀኑ ራሱ መሰከረለት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ የጀመረው ውሻ ብዙውን ጊዜ አሥር ቀን አይቆይም፤ ሰው የነከሰ ውሻም ለአሥር ቀን ታስሮ የሚጠበቀው ለዚህ ነው። መቻል አምስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር።

«ያሟርታል» በሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ውሻ ባላዘነ ቁጥር ሰው ቢሞት ሠፈራችን እስካሁን ባዶ በቀረ ነበር።

ሦስተኛው ስም ሐሙስ ማታ ጥናታችን ላይ መጣ። «ቲቸር፣ መቻል ጸሎት ሲጀመር ነው የሚንቀጠቀጠው። ለምን ሄደን አንገሥጸውም?» አለ አንዱ። ገና መልስ ሳልሰጥ ሌላው «እንስሳ ውስጥ አይገባም አይባልም፤ ማርቆስ 5 ላይ እሪያዎቹ አሉ» ብሎ ደገፈው። ልጁ ልክ ነው፤ እሪያዎቹ አሉ። እኔም መናፍስት የሉም ብዬ የማስተምር ሰው አይደለሁም፤ ከጨለማ እስራት የተፈቱ ሰዎችን በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አብረን ማቴዎስ 4፥24ን ከፈትን። ወንጌላዊው ወደ ጌታ የመጡትን ሰዎች ሲዘረዝር በልዩ ልዩ ደዌ የታመሙትን፣ አጋንንት ያደሩባቸውን፣ የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ይቆጥራቸዋል። ሁሉም አንድ ቢሆኑ ኖሮ መዘርዘር ለምን አስፈለገ? ጌታ ሁሉንም ፈወሰ፤ ሁሉንም ግን በአንድ ስም አልጠራቸውም።

ከዚያ ወደ ዘኍልቍ 22 ሄድን፤ የእኔ ልብ ያለው እዚያ ነው። የበለዓምን አህያ ታሪክ ከልጅነታችን ጀምሮ ስለ ተናገረች ብቻ ነው የምናስታውሰው። ከመናገሯ በፊት ያደረገችውን ተመልከቱ። መጀመሪያ ከመንገድ ወጥታ ወደ እርሻ ገባች። ቀጥላ ወደ ቅጥሩ ተጠግታ የጌታዋን እግር አጣበቀች። በመጨረሻ ከእርሱ በታች ተኛች። ከውጭ ለሚያይ ሰው ያበደች አህያ ናት። በለዓምም ሦስቴ መታት፤ ሰይፍ ቢኖረው ይገድላት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። አፏ ሲከፈት «መልአክ አየሁ» ብላ አልጀመረችም። የጠየቀችው ስለ ኖረችበት ዘመን ነው፦ እስከ ዛሬ ድረስ የተቀመጠባት እርሷ እንደሆነች፣ እንዲህ ዓይነት ነገርም አድርጋበት ታውቅ እንደሆነ። በለዓም አድርጋ እንደማታውቅ አመነ። ዓይኑ የተከፈተው ከዚህ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉን ራሳችሁ አንብቡት። ዘመኑን ሙሉ በታማኝነት ያገለገለ ፍጡር አንድ ቀን ባልተለመደ መንገድ ሲሄድ፣ ያለፈው ዘመኑ ሊጠየቅለት ይገባል።

«እንግዲያው መቻልም መልአክ አይቶ ይሆናላ!» አለች አንዷ፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። መልአክም ጋኔንም ከማለታችን በፊት በዓይናችን የምናየውን እንይ አልኩና ሥራ ሰጠኋቸው። ሦስት ልጆች ተመረጡ፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ተራ እየገቡ በደብተር ጻፉ፦ በስንት ሰዓት፣ የት፣ ማን አጠገቡ ነበር፣ ምን አደረገ።

ያ ደብተር ከእኔ ስብከት የበለጠ ሠራ። መቻል ረቡዕ ማታ ተንቀጥቅጧል፤ እውነት ነው። ሰኞ ማታም ተንቀጥቅጧል። ማክሰኞም፣ ዓርብም። ሁልጊዜ ፀሐይ ስትጠልቅ ይጀምረዋል። ረቡዕ ካልሆነ በስተቀር ያን ሰዓት በረንዳው ላይ ሰው ስለማይኖር ነው ያላየነው። ረቡዕን የከፋ የሚያደርገው ሌላ ነገርም ተጻፈ፤ ለጸሎቱ አግዳሚ ወንበሮቹ ከቦታቸው ይነሣሉ፣ ሁልጊዜ የሚሄድበት መተላለፊያ ይዘጋል፣ ከዚያም ሃያ ጫማ በአንድ ጊዜ ይገባል። «ይገሠጽ» ያለው ልጅ ራሱ ነው ይህን ጽፎ ያመጣው።

ቅዳሜ ዕለት እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድነው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ አልቸኮለም። ከዓይኑ ፊት ጥጥ ከላይ ጣለ፤ መቻል በዓይኑ ተከተለው። መጋረጃውን ጋረደና ደገመው፤ አላየውም። ዓይኑ ላይ የነበረው ሰማያዊ ዳመና ብዙ ያረጁ ውሾች ላይ የሚታይ የሌንስ መጠጠር እንደሆነ፣ ሞራ ሁሉ እንዳልሆነ፣ በደብዛዛ ብርሃን ግን ማየቱ እንደ ደከመ ነገረን። ከኋላው አጨበጨበ፤ ጆሮው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ወለሉን በእግሩ መታ፤ መቻል ዞረ። መስማቱን ጨርሷል ማለት ነው፤ የሚሰማው የወለሉን ንዝረት ብቻ ነው። ቀጥሎ ዳሌውን በቀስታ ሲጫነው ያንኑ ማጉረምረም፣ ልጅቷን ያስፈራትን ድምፅ፣ አሰማ። የመገጣጠሚያ ሕመም ነው። አንድ መንጋጋው ደግሞ ተሰንጥቋል። ሽንቱ ተመረመረ፤ ስኳር የለበትም።

እንግዲህ የዚያችን ልጅ ነገር ከመቻል በኩል አስቡት። አይሰማም። ዳሌው ያመዋል። አንድ ሰው ሳይታሰብ ከኋላ መጥቶ በሚያመው ቦታ ላይ በሙሉ ክብደቱ ይወድቅበታል። አጉረመረመ እንጂ አልነከሰም። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ከዚያ ያነሰ ትዕግሥት የሚኖረኝ ይመስለኛል።

የሌሊቱ መመላለስና ግድግዳ ማየት ግን በዓይንና በጆሮ ብቻ አያልቅም። ሐኪሙ ሌላውን አንድ በአንድ ካስወገደ በኋላ ነው የነገረን፦ የውሻም አእምሮ እንደ ሰው ያረጃል። በአልዛይመር በሽተኞች አእምሮ ውስጥ የሚጠራቀመው ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ባረጁ ውሾች አእምሮም ውስጥ ይገኛል። ምልክቱ በሚያውቀው ቦታ መጥፋት፣ የሚያውቀውን ሰው አለማወቅ ወይም ከሰው መሸሽ፣ ቀንና ሌሊት መገለባበጥ፣ ያለቦታው መሽናት፣ ያለምክንያት መፍራት ነው። ብርቅ ነገር አይደለም። በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት፣ ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 ከመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 ከመቶው ከእነዚህ ምልክቶች ቢያንስ አንዱ እንደታየባቸው አሳይቷል። የሚያድን መድኃኒት የለውም። አሜሪካ ውስጥ ሴሌጂሊን የተባለ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1998 ለዚሁ ተፈቅዷል፤ እሱም ምልክቱን ቢያስታግስ እንጂ አያድንም። ለመቻል አልታዘዘለትም።

አንድ ነገር ሐኪሙ አስጠንቅቆናል። የመቻል ለውጥ በሳምንታት ውስጥ የመጣ ነው። ውሻ በአንድ ቀን አንገቱን ወደ አንድ ጎን ካጋደለ፣ ከዞረበት፣ ከወደቀ፣ ዓይኑ ወዲያና ወዲህ ከተርገበገበ ያ ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ሲዛባ የሚመጣ ሲሆን፣ ሲያዩት የሞት አፋፍ ላይ ያለ ቢመስልም ብዙዎቹ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይሻላቸዋል። ሳይመረመር «አለቀለት» ተብሎ የሚገደለው ስንቱ ይሆን? ሌላም አለ፦ ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ለውሻ አትስጡ። እኛ ለራስ ምታት የምንውጠው ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። መቻል በክብደቱ ተለክቶ የራሱ መድኃኒት ተሰጠው፤ ጥርሱም ተነቀለ።

ስንመለስ አክስቴ ታክሲው ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ኮልፌ ከደረስን በኋላ ነው የተናገረችው። «እናቴ በመጨረሻዋ ጊዜ ፀሐይ ሲጠልቅ ነጠላዋን ትለብስና ‹ወደ ቤቴ ውሰዱኝ› ትል ነበር። በገዛ ቤቷ ተቀምጣ! ድግምት ነው አሉን፤ እኛም አመንን። ስትጮኽ በር እንዘጋባት ነበር።» ከዚያ በላይ አልተናገረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከእናንተ መካከል ቤታችሁ እንዲህ ያለች አያት ያለቻችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ ለጸሎት ርእስ ስትሰጡ ሰምቻለሁና። መጸለዩን አትተዉ። ሐኪም ቤትም ውሰዷቸው፤ በሽማግሌ ሰው ላይ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም አዲስ የታዘዘ መድኃኒት እንኳ በጥቂት ቀናት ውስጥ አእምሮን ሊያዘባርቅ ይችላል፤ ያ ደግሞ የሚታከም ነው።

ግቢው ውስጥ የተደረገው ለውጥ ብዙ ገንዘብ አልጠየቀም። በርሜሉ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተቀመጠ፤ መሐሉ ክፍተት የለም። በረንዳው ላይ ትንሽ አምፖል ሌሊቱን ሙሉ ይበራል። የሚያንሸራትተው ሊሾ ላይ ጆንያ ተነጠፈ። ሰንሰለቱ ቀረ፤ እየዞረ ራሱን ይጠላልፍ ነበርና። ምግቡ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ ሆነ። ረቡዕ ወንበሮቹ ከሌላ ክፍል ይመጣሉ፤ የመቻል መንገድ አይዘጋም። ሰው ሲገባ ከፊቱ ይመጣል፤ ከኋላ የመጣ ሰው ወለሉን ሁለቴ በእግሩ ይመታል። የጸሎት ቡድኑ እናቶች በተራ መሬት ሲደበድቡ ማየት፣ መቼም፣ ደስ ይላል። ትንሿ ልጅ ይህን ከሁሉም ቀድማ ለመደች። አባቷ ግን መቻልን እስከ ዛሬ አይወደውም። ግቢውን ለሁለት የሚከፍል የቆርቆሮ አጥር በራሱ ወጪ አሠራ፤ በሩ ሁልጊዜ ተዘግቶ እንዲውልም ቃል አስገባን። አባት ነውና መብቱ ነው፤ እኔ በዚህ አልከራከረውም። ቤቱን ግን አልለቀቀም።

መቻል ተሻለው? ሕመሙ ቀንሶለታል። ልጅቷ ላይ ከዚያ ወዲህ አላጉረመረመም። ማታ ማታ አሁንም ይጠፋል። አክስቴ ትነሣና ወለሉን ሁለቴ መትታ፣ ደረቱን ይዛ፣ ወደ ጆንያው ትመልሰዋለች፤ አንዳንድ ሌሊት ሦስቴም አራቴም። ለውሻ ይጸለያል ወይ ብሎ አንድ ልጅ ጠይቋት «የፈጠረው ማን ሆነና!» አለችው።

ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቀችው ሐኪሙን ነው፦ እስከ መቼ? እሱም ቀኑን እንደማይነግራት፣ ራሷ ግን ልትቆጥር እንደምትችል ነገራት። ክፉ ቀኖቹ ከደጎቹ ሲበልጡ ያለስቃይ እንዲያርፍ የሚደረግበት መንገድ አለ፤ መርዝ አይደለም። ከዚያ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያናችን ያሳተመው ካላንደር ላይ ትጽፋለች፤ ግድግዳው ላይ ከሶፋው በላይ ተሰቅሏል። በልቶ፣ እሷን አውቆ፣ ጅራቱን ቆልቶ የዋለበት ቀን ላይ ክብ ታደርጋለች፤ ሌላውን ትሰርዛለች። ጥር ላይ 21 ክብ ነበር፣ 9 ስርዝ። የካቲት 17 ለ13 ነው። መጋቢት ገና አላለቀም።